ፈረቃ በሳጥን ውስጥ

ጆሮአችሁን አውሱኝማ፤ የአንዲት ሳጥን ነገር ላጫውታችሁ። ዘመኑ ሩቅ አይደለም፤ 2011 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ ግንቦት። የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ጎደለ ተባለና ኤሌክትሪክ በፈረቃ ሆነ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የእናንተ ሰፈር ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠፋው?» የሚል ነበር። ወፍጮው ቆመ፤ ፎቶ ኮፒው ቆመ፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ሴት እንቅልፏን ከመብራቱ ጋር አስማማች።

እንግዲህ በአንዱ መንደር አንድ ወጣት ፀጉር አስተካካይ ነበር። ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ጎፈሬ እንደሆነ መብራት የጠፋበት ደንበኛ ነበረው ይባላል። ሰውየው ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሄደ፣ መብራት ሲመጣ ለቀሪው ግማሽ ተመለሰ ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ የሰፈሩ ሰው ግን ይምላል።

ልጁ ጄኔሬተር አማረው፤ ዋጋውን ጠይቆ ተወው። ከሱቁ ቀጥሎ ራዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ነበሩ። በራቸውን ገፋ አድርጎ ገባ።

«ጋሼ፣ ከመኪና ባትሪ ዕቃዬን የሚያሠራ ነገር ይሥሩልኝ።»

«ስንት ዋት?»

«እኔ እንጃ፤ ሁሉንም።»

«ሁሉንም የሚባል ዋት የለም። ሂድና የየዕቃህን ጀርባ አንብበህ ና።»

ሄደ፤ ጽፎ መጣ። ሁለት ቶንዶስ፣ እያንዳንዱ 15 ዋት። ሦስት ኤልኢዲ አምፖል፣ እያንዳንዱ 10። ቴሌቪዥን 60። ድምሩ 120 ዋት። ከታች በደቃቅ ጽሕፈት አንድ ነገር ሾልኳል፤ ፀጉር ማድረቂያ፣ 1,200 ዋት። አዛውንቱ እስክሪብቷቸውን አነሡና የመጨረሻዋን መስመር ሰረዟት።

ልጁ ተከፋ። ሒሳቡ ግን ለማንም አያዳላም፤ 1,200 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ሲቀዳ 100 አምፔር ነው፣ ያውም ብክነቱ ሳይታሰብ። የመኪና ሞተር ሲነሣ እንዲህ ያለ ጅረት ይጠጣል፤ ግን ለጥቂት ሰከንድ ነው። ባትሪውን ለግማሽ ሰዓት እንዲህ ቢያልቡት ሽቦው ይግላል፣ ባትሪውም ይደክማል። ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ የምትለውጥ ሳጥን፣ የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ሙያው ይኼ ስረዛ ነው። ሳጥኗ ኃይል አትፈጥርም፤ ባትሪው ውስጥ ያለውን መልኩን ለውጣ ታወጣለች፣ ከመንገድ ላይም ቀረጥ ትቆርጣለች። ቀረጡ ሙቀት ይባላል።

ለ120 ዋት ሱቅ 300 ዋት የምትችል ሳጥን ይበቃል አሉ አዛውንቱ፤ ቴሌቪዥን ሲነሣ ለአፍታ ከተጻፈበት በላይ ይስባልና። እሳቸው ወረቀታቸው ላይ ሲያሰምሩ እኛ አንዴ ባሕር ማዶ ደርሰን እንምጣ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እዚያ ነውና።

ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 ኒውዮርክ፣ ፐርል ጎዳና ላይ ያቆመው ጣቢያ ለደንበኞቹ ያድል የነበረው ዲሲ ነው፤ 110 ቮልት፣ እንደ ባትሪው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ። ችግሩ ሩቅ አለመድረሱ ነው፤ ቮልቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ጅረቱ ይበዛል፣ ጅረቱ ሲበዛ ደግሞ ሽቦው ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል። አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄደው ኤሲ ግን በትራንስፎርመር ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይጓዛል፣ ሲደርስ ዝቅ ይላል። ኒኮላ ቴስላና ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በዚህኛው ወገን ቆሙ። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የተነሣው ኃይል 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቡፋሎ ከተማ ሲገባ ክርክሩ አለቀ። አለቀ ስል ጨርሶ እንዳይመስላችሁ፤ ማንሃታን ውስጥ የቀረችው የመጨረሻዋ የዲሲ አገልግሎት የተቋረጠችው እኛ ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው።

ዓለም ኤሲን መረጠ፤ ባትሪ ግን እስከ ዛሬ ዲሲ ነው። ታዲያ ከዚህ ወደዚያ የሚያሻግር ድልድይ ያስፈልግ ነበር። በመጀመሪያ አንድ የዲሲ ሞተር ከአንድ የኤሲ ጄኔሬተር ጋር በዘንግ ያያይዙ ነበር፤ ይሠራል፣ ግን ይከብዳል፣ ይጮኻል። እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ዴቪድ ፕሪንስ ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ሬክቲፋየር ተገልብጦ ቢሠራስ ብሎ «ኢንቨርተር» የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ ስሙም በዚያው ጸና። በ1930ዎቹ የመኪና ራዲዮ ሲመጣ በውስጡ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ የምትርገበገብ የብረት ምላስ ነበረች፤ ባትሪውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ እያገናኘች ትራንስፎርመሩን የምትቀሰቅስ። ምላሲቱ ስትሠራ እዝዝ ትላለች፣ ጫፏም እየተቃጠለ ያልቃል። በ1950ዎቹ አጋማሽ የዌስቲንግሃውስ ኩባንያው ጆርጅ ሮየር ቦታዋን ለሁለት ትራንዚስተሮች ሰጠ። ድምፅ የላቸውም፣ የሚያልቅ ጫፍም የላቸውም። አዛውንታችን ወረቀት ላይ የሣሉት የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

እንመለስ። ምናለሽ ተራ ሄደው ከተጣለ ዩፒኤስ የወጣ ትራንስፎርመር ገዙ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያልሞተ ነገር ሞቶ፣ የሞተውም ተነሥቶ ይገኛል። ወፍራሙን ጥቅል ፈትተው እንደገና ጠመጠሙት፤ በባትሪው በኩል ላለው ለእያንዳንዱ ዙር፣ በ220ው በኩል 26 ዙር እንዲደርሰው አድርገው። የባትሪው በኩል ጥቅል ሁለት ግማሽ አለው፣ የ26ቱ ሒሳብም ለአንዱ ግማሽ ነው፤ መካከሉ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ይያያዛል፣ ሁለቱ ጫፎች በየትራንዚስተራቸው በኩል ወደ ኔጌቲቭ ይወርዳሉ።

እዚህ ላይ ነው የሳጥኗ ፈረቃ። አንደኛው ትራንዚስተር ሲከፍት ጅረቱ በአንደኛው ግማሽ ይሮጥና የትራንስፎርመሩን ብረት በአንድ አቅጣጫ ማግኔት ያደርገዋል። ይዘጋል። ሁለተኛው ተራውን ይከፍትና ብረቱን በተቃራኒው ማግኔት ያደርገዋል። በዚያኛው በኩል የሚወጣው ቮልት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይላል፤ ኤሲ ማለት ይኸው ነው። የኛ አገር መስመር በሰከንድ 50 ዙር ነውና እያንዳንዱ ትራንዚስተር በሰከንድ 50 ጊዜ ተራ ይይዛል።

ተራ ሳይጠብቁ ሁለቱ አንድ ላይ ቢከፍቱስ? የሁለቱ ግማሽ ጥቅሎች ማግኔት እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሚቀረው የመዳቡ ኢምንት ተቃውሞ ብቻ ነው። ባትሪው ባዶ ሽቦ ላይ እንደተጋጠመ ይቆጠራል። አዛውንቱ መጀመሪያ የተጠቀሙባት ቺፕ ሲዲ 4047 ነበረች፤ ርካሽ ናት፣ ሁለት ተቃራኒ ምልክት ትሰጣለች። ሆኖም አንዱን ባጠፋችበት በዚያችው ቅጽበት ሌላውን ታበራለች፣ በመካከል ትንፋሽ የላትም። በደካማ ምልክት የሚነዳ ትራንዚስተር ደግሞ ሲጠፋ ይለግማል። አንዱ ገና ሳይወጣ ሌላው ይገባል። ሳጥኗ ለጥቂት ደቂቃ ሠራች፤ ከዚያ ሙቀቷ ጨመረ፣ ጠረኗ ተለወጠ፣ ጧ አለች። ትራንዚስተሩ ከወገቡ ተሰንጥቋል፤ ከባትሪው ጋር የነበረችው ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ነች ሱቁን ከእሳት ያዳነችው።

«አለቀላት?» አለ ልጁ ከበሩ ላይ።

«ትራንዚስተሯ አለቀላት። ሥራው ገና አሁን ጀመረ።»

አሁን ኤስጂ 3525 የምትባለውን ቺፕ አመጡ። እሷ የምልክቱን ስፋት ማጥበብና ማስፋት ትችላለች፤ በሁለቱ ተራ መካከልም ዝምታ ታስቀምጣለች። እዚህ ላይ ቀስ እንበል፤ የዚህ ታሪክ ጣፋጩ ክፍል ይኼ ነው፣ ቁጥር የሚያስፈራው ሰውም ቢሆን ይታገሠኝ።

አንድ ሙሉ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ነው፤ ግማሹ 10። የግድግዳው ኤሲ በዚያች 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከዜሮ ተነሥቶ እስከ 311 ቮልት ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል፤ 220 የምንለው ሙቀት የመስጠት ዐቅሙን ነው እንጂ ጫፉን አይደለም። አዛውንቱ ደግሞ 12 ቮልትን በ26 ሲያበዙ 312 አገኙ፤ ጫፉ ገጠመ። ግን የእሳቸው ቮልት ኮረብታ ሳይሆን ግንብ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሙሉውን 10 ሚሊሰከንድ ቢቆም አምፖሉ ከዐቅሙ በላይ ይበራል። ስለዚህ 5 ሚሊሰከንድ ይብራ፣ 5 ሚሊሰከንድ ዝም ይበል። ያኔ ሙቀት የመስጠት ዐቅሙ ልክ 220 ይሆናል። ያች የ5 ሚሊሰከንድ ዝምታ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ቮልቱን ትመጥናለች፣ ሁለቱ ትራንዚስተሮች ደግሞ በር ላይ እንዳይገናኙ ታደርጋለች።

ባትሪው ሲደክም ደግሞ እዩ። 10.5 ቮልት ላይ ሲደርስ ጫፉ ወደ 273 ይወርዳል። ቺፗ የውጤቱን መውረድ ታይና ምልክቱን ከ5 ወደ 6.5 ሚሊሰከንድ ገደማ ታሰፋዋለች፤ ጫፉ ቢያጥርም ቆይታው ይረዝማል፣ ቴሌቪዥኑ ምንም ሳያውቅ ኳሱን ያሳያል። ለአንድ ሳንቲም ለማታክል ቺፕ ይኼ ትልቅ ብልሃት ነው።

ልጁ ቴስተሩን አንሥቶ ውጤቱን ለካ፤ 173 ቮልት። ፊቱ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ደካማ ነው!»

አዛውንቱ ሳቁ። ርካሽ ቴስተር አማካዩን ለክቶ፣ ኮረብታ እያየሁ ነው ብሎ በማሰብ በ1.11 አብዝቶ ነው የሚነግርህ፤ ግንብ ስታሳየው ይሳሳታል። እውነተኛውን ማን ይናገር? ከዕቃ ማስቀመጫቸው ሁለት የድሮ ባለ ክር አምፖሎች አወጡ፤ እኩል ባለ 60 ዋት። መብራት የማግኘቱ ተራ የሰፈሩ ነበርና አንዱን ከግድግዳው፣ አንዱን ከሳጥኗ ሰኩ። ጎን ለጎን አስቀምጠው ብርሃናቸውን አስተያዩ። እኩል ነበሩ። የአምፖል ክር ሒሳብ አይማርም፤ የሚያውቀው ሙቀትን ብቻ ነው፣ ስለዚህ አይዋሽም። ኦሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ወደ ቀረጡ እንምጣ። 300 ዋት ሲወጣ ከባትሪው ወደ 30 አምፔር ይገባል። የመረጧት ትራንዚስተር አይአርኤፍ 3205 ነች፤ ስትከፍት ተቃውሞዋ 8 ሚሊኦም ነው። 30 አምፔር በአንዷ ሲያልፍ ከ7 ዋት በላይ ሙቀት ይሆናል። በየጎኑ ሁለት ሁለት አድርገው ሲያጣምሯቸው ለሁለት ተካፍለውት ድምሩ 3.6 ዋት ሆነ። ዋናው ሌባ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ልጁ ከቤቱ ለሶኬት የሚዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አምጥቶ ነበር፤ ከባትሪው እስከ ሳጥኗ ደርሶ መልስ ሁለት ሜትር። ያ ሽቦ ብቻውን ወደ 13 ዋት ይበላል፤ ከትራንዚስተሮቹ ሁሉ በላይ። ባለ 16 ሲቀየር 2 ዋት ገደማ ቀረ። ሰው ስለ ቺፕ ሲከራከር ያድራል፣ ኃይሉ ግን በላላ ማሰሪያና በቀጭን ሽቦ ነው የሚፈሰው።

ሌላም ነገር አለ። አንዱ ትራንዚስተር ሲከፍት፣ የተዘጋው ጓደኛው ላይ የባትሪው እጥፍ ቮልት ይቆማል፤ ባትሪው ቻርጅ ላይ 14.4 ከሆነ 28.8 ማለት ነው። በመዝጊያው ቅጽበት ደግሞ ከትራንስፎርመሩ የምትተርፍ ሹል ምት ትመጣለች። የ3205 ጣሪያ 55 ቮልት ነው። ምቷን የሚውጡ አንዲት ሬዚስተርና አንዲት ካፓሲተር በየጎኑ ካልተቀመጡ ጣሪያው ይፈርሳል። ገበያ ላይ ደግሞ ግንባሩ ላይ 3205 ተጽፎበት ሆዱ ሌላ የሆነ ሞልቷል። አዛውንቱ 5 አምፔር ያሳልፉበትና ሁለት እግሮቹ መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ ነበር፤ 40 ሚሊቮልት አካባቢ ከሆነ ይገዙታል፣ መቶ ምናምን ካለ ለሻጩ ይመልሱለታል። ሻጩ አይወዳቸውም ነበር።

ሳጥኗ ሱቁ ገባች። አምፖሉ በራ፣ ቴሌቪዥኑ በራ። ቶንዶሱ ግን ሲነሣ ጮኸ፤ ወንበር ላይ የነበረው ሰው አንገቱን ሰበቀ። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ሞተር የለውም፤ ምላጩን የሚያወዛውዘው ማግኔት ነው፣ ከኤሲው ጋር እኩል ይደንሳል። ኮረብታ ለምዶ ግንብ ሲመጣበት ይንገጫገጫል። ልጁ በጎኑ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ጥቂት ላላ አደረጋት፤ ጩኸቱ ረገበ፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም።

እውነተኛ ኮረብታ የምታወጣ ሳጥንም ትሠራለች። ትራንዚስተሮቹ በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየከፈቱ፣ ስፋታቸውን እንደ ኮረብታው ቅርጽ እያሰፉና እያጠበቡ ይሠራሉ፤ ጥቅልና ካፓሲተር ደግሞ ጥርሱን ያለሰልሱታል። ዛሬ ለዚህ የተዘጋጀች ኢጂኤስ 002 የምትባል ትንሽ ሰሌዳ ትሸጣለች። ለማቀዝቀዣ ኮምፕረሰርና ለሕክምና መሣሪያ ኮረብታ የምታወጣዋ ሳጥን ግድ ናት፤ ግንቡ ሞተርን ያግላልና። ለፀጉር ቤት ግን የእኔ ፍርድ ከአዛውንቱ ጋር ነው፦ ግንቡ ይበቃል፣ የተረፈው ገንዘብ ለባትሪ ይሁን።

ምክንያቱም ባትሪው ነው ጌታው። ልጁ የገዛው 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት ነው። በወረቀት 1,200 ዋት-ሰዓት። የሊድ ባትሪ ግን እስከ ሥሩ ከተቀዳ ሰሌዳዎቹ ይደነድኑና ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ ግማሹን፣ 600ውን ብቻ ያዙ። ከዚያ ሳጥኗ ቀረጧን ትወስዳለች፤ መቶ ገብቶ 85 ይወጣል። ለ120 ዋት ሱቅ ይኼ አራት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። የተቀዳውን ለመመለስ ደግሞ በ10 አምፔር ቢሞላ ከአምስት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ በፈረቃ አገር ይኼም ሌላ ወረፋ ነው። ሲሞላ ሃይድሮጅን ይተነፍሳልና ባትሪውን ከወንበሩ ሥር አውጥተው ነፋስ ወዳለበት በረንዳ አዛወሩት። ልጁ ግማሹን ቢያልፍ እንኳ፣ እንደ መጨረሻ አጥር፣ ባትሪው 10.5 ቮልት ላይ ሲደርስ ሳጥኗ ራሷን እንድታጠፋ አድርገዋታል። ልጁ ያችን ማጥፊያ ሊያልፋት ሞክሮ ያውቃል መሰለኝ፤ አንድ ቀን አዛውንቱ ሲቆጡት ሰምቻለሁ።

የባሰው ሐሳቡ ግን ሌላ ነበር። ከሳጥኗ እስከ አምፖሎቹ ገመድ መዘርጋት ሰለቸው፤ ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሠራ፣ የሳጥኗን ኃይል ወደ ግድግዳው ሶኬት ሊሰካው። «ቤቱ በሙሉ ይበራል አይደል ጋሼ?»

አዛውንቱ ገመዱን ተቀበሉት፣ በመቁረጫቸው መሐሉን ቆረጡት። ከዚያ በቆጣሪውና በሱቁ መስመር መካከል ባለ ሁለት አቅጣጫ ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ አስገቡለት፤ ወይ ከመንግሥት፣ ወይ ከሳጥኗ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ፈጽሞ የማያገናኝ።

ይኼን ለምን አደረጉ መሰላችሁ? ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የመንደሩ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልትን ወደ ቤት ቮልት እንደሚያወርድ፣ ከቤት ወደ መስመሩ የተሰካውንም ወደ 15 ሺህ ይመልሰዋል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ እጁ እዚያ ሽቦ ላይ ነው። የሱቁ ሳጥን ትንሽ ናት ብላችሁ አትጽናኑ፤ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው መስመር መንገድ ላይ ከተቆረጠ ጭነቱ የናንተ ቤት ብቻ ነው፣ የሚቀረው ቮልትም ሰው ለመግደል ይበቃል። የመንግሥት መብራት ድንገት ቢመለስ ደግሞ ትራንዚስተሮቹ በአንድ ቅጽበት ይፈነዳሉ። ስለዚህ ኢንቨርተር ሠርታችሁም ሆነ ገዝታችሁ ከቤት መስመር ጋር ልታገናኙ ያሰባችሁ ሁሉ፣ ቼንጅ ኦቨር ሳታስገቡ አንዲት ሽቦ እንዳታስነኩ፤ ሥራውንም ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሻን ስጡ።